የሐማት ሞት ባነር

ያኔ ሥራ ፈት አልነበርኩም፤ አባቴን ማሳመን አቃተኝ እንጂ። ሥራ ነበረኝ። የጠፋው ደንበኛ ነው።

መክሊት እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ሐረር ነው፤ ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ አራተኛ ከሚባለው ሰፈር። ትምህርቴን እንደጨረስኩ አንድ ማተሚያ ቤት ገብቼ ባነር እሠራ ነበር። እዚያ የሚመጣው ሰው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ልጁ ተመርቋል፣ ወይ ዘመድ ሞቶበታል። ለተመራቂው ጥቁር ቆብ፣ ለሟቹ ሻማ እናደርጋለን። ባለቤቱ አዲስ ነገር ላሳየው ስሞክር፣ “ያለፈውን አውጪና ስሙን ቀይሪው፣ ምን አስጨነቀሽ?” ይለኛል። ዲዛይን ማለት ስም መቀየር ከሆነ ይቅርብኝ አልኩና ለቀቅኩ። በራሴ ልሠራ፣ የራሴን ደንበኛ ላገኝ።

አባቴ ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው። እጁ ዘይት ያልነካ ሰው ሠራሁ ሲል አይዋጥለትም። “ላፕቶፕ ላይ አፍጥጦ መዋል ሥራ ከሆነማ ድመቷም ሠራተኛ ናት” አለኝ አንድ ቀን። ድሬዳዋ የሚኖረው አጎቴ የመኪና ዕቃ መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ ባንኮኒው ላይ የሚቆምለት የሚታመን ሰው ይፈልጋል። የሚታመነው ሰው እኔ ነበርኩ። ከአባቴ ጋር ብዙ ከተከራከርን በኋላ ተስማማን፤ ወሩ እስኪያልቅ አንድ ደንበኛ፣ ከልቡ የሚያሠራኝ አንድ ሰው ካላገኘሁ ሻንጣዬን ይዤ ወደ አጎቴ እሄዳለሁ።

እልኸኛ ነኝ። እናቴ፣ “ይቺ ልጅ ከግድግዳ ጋር ብትጋጭ ግድግዳው ይቅርታ ይጠይቀኝ ትላለች” ትላለች። እና ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልዞርኩበት ሱቅ የለም። ፈረስ መጋላ፣ ሸዋ በር፣ ኤረር በር፣ ሁሉም ጋ ካርዴን አድያለሁ። ሰዎቹ በትሕትና ይቀበሉኛል፤ ስወጣ ካርዱን ጠረጴዛቸው እንዳይነቃነቅ ከእግሩ ሥር ያደርጉታል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ወሩም ሊያልቅ ነበር።

ስልኩ የተደወለው መኪና ግርግር ቆሜ ሳለሁ ነው። መኪና ግርግር በጀጎል ውስጥ ልብስ ሰፊዎች ግራና ቀኝ ተደርድረው የሚሰፉበት መንገድ ነው፤ ስሙን ያወጣለት የስፌት መኪናው ጩኸት ነው። ከሰፊዎቹ አንዱን፣ ሙክታርን፣ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ካርዴን ለደንበኞቹ እንዲያድልልኝ ስለምነው ነው ስልኬ የጮኸው።

“ባነር የምትሠሪው ልጅ ነሽ? ቁጥርሽን ሙክታር ነው የሰጠኝ። ሩቂያ እባላለሁ።”

ድምፃቸው የትልቅ ሴት ነው። “አዎ አዴ፣ ነኝ። ምን ልታዘዝ?” አልኩ። እኛ ሐረር የጀጎልን ትልልቅ ሴቶች አዴ ነው የምንለው።

ከግራም ከቀኝም መኪናው ይንጣጣል። አንዱን ጆሮዬን በጣቴ ደፈንኩ።

“ትልቅ ባነር… ነገ ከዙሁር ሶላት በኋላ… እንግዳው ከድሬም ከአዲስ አበባም ነው የሚመጣው… ሐማት ሞት… ከሩቅ የሚታይ ይሁን…”

እኔ የሰማሁት “የአማት ሞት” ነው። ልቤ ዘለለ፤ ለሐዘኑ ሳይሆን ለሥራው። እንዲህ በማለቴ አትፍረዱብኝ፤ ደንበኛ አጥቶ የከረመ ያውቀዋል።

“ውይ አዴ! አላህ ይዘንላቸው! አላህ ጀነት ያግባቸው!”

“አሚን፣ አሚን፣ ልጄ። ፎቶ በቴሌግራም እልክልሻለሁ” አሉና ዘጉት።

“አሚን” ማለታቸው ሁሉን ነገር አረጋገጠልኝ። አሁን ሳስበው፣ አዴ ሩቂያ ለማንኛውም ዱዓ ቀድመው አሚን የሚሉ ሰው ናቸው።

ቤቴ እንደደረስኩ ፎቶው ገባ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት፣ ቀይ ምንጣፍ በተነጠፈበት መደብ ላይ፣ ከኋላቸው ግድግዳውን የሞላ የአለላ ስፌት። ዓይናቸው ይስቃል። “ስማቸው ማን ነው?” ብዬ ጻፍኩ። “ሐጂያ ዘሃራ” የሚል መጣ። “ዕድሜያቸውስ?” አዴ ሩቂያ በድምፅ መለሱ፤ “ኧረ ማን ያውቃል! ዘጠና አይሞላቸውም ብለሽ ነው?” ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ ያለ መስሎኝ ነበር። ሰው ሲከፋው ይስቃል ብዬ አለፍኩት። “ቀለሙስ ምን ይሁን?” አልኩ። “ደማቅ! ቀይ ይብዛበት።”

ቀይ? ለለቅሶ?

እዚህ ላይ መቆም ነበረብኝ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሟቻቸውን ሳይውል ሳያድር እንደሚቀብሩ፣ ፎቶ ሰቅሎም ማልቀስ ባሕላቸው እንዳልሆነ እያወቅኩ ነው ያደግኩት። ግን ሥራ የራበው ሰው ጥያቄ አያበዛም። ቤተሰቡ ዘመናዊ ይሆናል፤ ቀይ ያሉትም ሐዘን አደንዝዟቸው ነው አልኩ። እኔ ባለሙያዋ አለሁላቸው! ቀይ ያሉትን ጥቁር አደረግኩት።

እውነቱን ልናገር፣ ከልቤ ሠራሁት። ሻማውን አወጣሁ፣ በምትኩ የመስጊድ ሚናራ አስገባሁ። “ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን” የሚለውን ሙክታርን በስልክ ጠይቄ ፊደል ሳልስት ጻፍኩ። ሙክታር “ማን ሞተ?” ሲለኝ፣ “ደንበኛ ነው፣ በኋላ እነግርሃለሁ” ብዬ ዘጋሁበት። ከዚያ በታች፣ “እናታችን ሐጂያ ዘሃራ በተወለዱ በ90 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል” አልኩ። የድሮው ማተሚያ ቤቴ አሳተምኩት። ባለቤቱ ባነሩ ሲወጣ አይቶ፣ “እንዳልኩሽ ነው፣ ከሞት ወዲያ ደንበኛ የለም” አለኝ። ጠቅልዬው ወጣሁ። ባነሩ ያምር ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጥቁር ቀሚስ ለበስኩ፣ ነጠላዬን ለሐዘን አዘቅዝቄ አደረግኩና ጥቅሉን ታቅፌ ወጣሁ። አባቴ በሩ ላይ አየኝ። “ለቅሶ ነው?” አለኝ። “ሥራ ነው” አልኩት። በአንድ ቀን ሁለቱንም የሆነብኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

የአዴ ሩቂያን ቤት በጠባቡ የጀጎል መንገድ እየጠየቅኩ አገኘሁት። ከግቢው ውስጥ ለቅሶ አይሰማም። ሴቶች ያወራሉ፣ ዕቃ ይንኳኳል፣ እንዲያውም አንዷ የምትስቅ መሰለኝ። ሙስሊም በሐዘኑ ታጋሽ ነው አልኩና ፊቴን አጨፍግጌ አንኳኳሁ።

በሩ ተከፈተ። የከፈቱት ሐጂያ ዘሃራ ናቸው።

ፎቶው ላይ ያሉት ዓይኖች፣ ፎቶው ላይ ያለው ሳቅ፣ በእጃቸው ምርኩዝ።

“በስመ አብ ወወልድ!” አልኩ ጮኼ።

“ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ፣ ግቢ ልጄ” አሉኝ፤ ደጅ ላይ ቆሜ የፈጣሪን ስም መጥራቴ ደስ ብሏቸው። “ባነሯ ልጅ ነሽ አይደል? ፎቶዬ አለበት አሉ።” እጄን ያዙኝ። እጃቸው ይሞቃል። ጭራሽ የሚሞቅ እጅ!

ውስጥ ስገባ ሴቶች ምንጣፍ ይዘረጋሉ። ከመካከላቸው አንዲት ጠንከር ያሉ፣ ሻርፓቸውን ወደ ኋላ የወረወሩ ሴት መጡ። በድምፃቸው አወቅኳቸው፤ አዴ ሩቂያ ናቸው። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

“ምነው ልጄ እንዲህ ተከናንበሽ? ለቅሶ አለብሽ እንዴ?”

“አዎ… ማለቴ… አይ፣ አዴ።”

“ማን ሞተብሽ?”

የሞቱት እጄን ይዘው ቆመዋል። የወጣልኝ ቃል ይህ ብቻ ነው። “ትናንት በስልክ… የአማት ሞት ያሉኝ?”

“አዎ! ያውልሽ” አሉና ወደ ግድግዳው ጠቆሙ። ከሁሉም በላይ፣ ጎን ለጎን፣ ሁለት ሰፋፊ ስፌቶች ተሰቅለዋል፤ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ቢጫው ዙሪያውን ይዞራል። “ሐማት ሞት እሱ ነው። ሙሽራ ለአማቷ ይዛው የምትገባው ትልቁ ስፌት። እኛ ስፌቱን ሞት ነው የምንለው። የሱቄም ስም እሱ ነው። ዛሬ እዚሁ ቤቴ ልንከፍት አይደል? እኔም የሐማቴን ፎቶ የላክሁልሽ ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ስለሆኑ ነው።”

ክው አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

“ፍቺው እስቲ” አሉ ሐጂያ፣ መደቡ ላይ እየተቀመጡ።

ጥቅሉን አጥብቄ ያዝኩ። በሩ ከኋላዬ ክፍት ነው። “ተሳስቶ ታትሟል፣ መጣሁ” ብዬ ብወጣ የሚይዘኝ የለም። ስልኬን አጠፋለሁ፣ ወሩ ያልቃል፣ ድሬዳዋ ሄጄ ፍሬን ሸራ እሸጣለሁ። በሐቅ ነው የምነግራችሁ፣ አንድ እግሬን ወደ በሩ አዙሬ ነበር። ከዚያ የማተሚያ ቤቱ ሰውዬ ነገር ትዝ አለኝ፤ ያለፈውን አውጪና ስሙን ቀይሪው። ለካ እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ደንበኛዬ የነገሩኝን ትቼ፣ የለመድኩትን የሞት ባነር አውጥቼ ስም ቀየርኩ። በራሴ ተናደድኩ። የተናደድኩ ጊዜ ደግሞ አልሸሽም።

“አዴ ሩቂያ፣ አጥፍቻለሁ” አልኩ። “ከማየትዎ በፊት እኔው ልንገርዎት። አማትዎ የሞቱ መስሎኝ ነው የሠራሁት።”

ጥቅሉን ተቀብለውኝ ዘረጉት። አንዷ ሴት “አስተግፊሩላህ!” አለች። አዴ ሩቂያ ፊታቸው ተለዋወጠ።

“ምን ይላል?” አሉ ሐጂያ። የአማርኛ ፊደል አያነቡም።

“ሞተዋል ይላል፣ ሐጂያ” አልኩ እኔ።

“መቼ?”

“ትናንት።”

ትንሽ አሰቡ። “ትናንት ስፌት ስሰፋ ነው የዋልኩት” አሉ፣ እንደ ምስክር።

ማንም አልሳቀም። አዴ ሩቂያ ባነሩን ለቀቁት። “እንግዳ ሊመጣ ነው፣ አንቺ በቤቴ ሞት ይዘሽ ትገቢያለሽ? የስንት ጊዜ ልፋቴ ነው! ደማቅ አላልኩሽም? ቀይ አላልኩሽም? ውጪልኝ ልጄ። በአላህ፣ ውጪልኝ።”

ልክ ነበሩ። ወደ በሩ ሄድኩ። ግን አንድ ነገር ውስጤ እምቢ አለ። ዞርኩ።

“እወጣለሁ አዴ። አንድ ነገር ግን ልበል። የሱቁ ስም ‘ሐማት ሞት’ ተብሎ በአማርኛ ፊደል በሩ ላይ ሊጻፍ ነው፣ አይደል?”

“በጀጎል ሐማት ሞትን የማያውቅ የለም።”

“እኔ አላውቅም።”

አዴ ሩቂያ ገልመጥ አደረጉኝ።

“የሐረር ልጅ ነኝ። አባቴም እናቴም እዚሁ ተወለዱ። ከዚህ ግንብ በእግር ነው የምመጣው። ስፌቱን በየቤቱ አይቼዋለሁ፣ ስሙን ግን አላውቅም። እኔ እንዲህ ከሰማሁት፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳዎ ምን ብሎ ሊያነበው ነው? የሬሳ ሣጥን መሸጫ ይመስለዋል፣ አዴ። ባነሬ ጥፋት ነው። ግን እያንዳንዱ አማርኛ አንባቢ በልቡ ይህንኑ ባነር ይሠራል።”

“ታዲያ ስሜን ልቀይር? ለእንግዳ ብዬ?”

“አይቀይሩትም። እንዲገባቸው እናድርገው።”

አዴ ሩቂያና ሐጂያ በራሳቸው ቋንቋ ተነጋገሩ። ምን እንዳሉ አልገባኝም፤ ግን ሐጂያ እየሳቁ ምርኩዛቸውን ወደ በሩ ሲጠቁሙ አየሁ። አዴ ሩቂያ ሳይወዱ በግድ ተረጎሙልኝ። “እኔ በሩ ላይ ልቀመጥላቸው፣ አለመሞቴን አይተው ይገባሉ፣ ነው የሚሉት።”

የዛኔ መጣልኝ። ወዲያው ስልኬን አውጥቼ ጻፍኩና አነበብኩላቸው። “ሐማት ሞት። የሐረር ስፌት ቤት። አማት ደህና ናቸው፤ ግቡ!”

አዴ ሩቂያ ላለመሳቅ ከንፈራቸውን ነከሱ። ሐጂያ ግን ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። “እንግዳው ሳይገባ በሩ ላይ ካልተሰቀለ አላውቅሽም” አሉኝ አዴ። “በቀይ!”

ባነሩን ጠቅልዬ ሮጥኩ። ማተሚያ ቤቱ ጋ ደወልኩ፤ መብራት ጠፍቷል፣ መቼ እንደሚመጣም አይታወቅም። ሌላ ማተሚያ ቤት ደወልኩ፣ እዚያም ጨለማ ነው። መንገድ መሐል ቆሜ ለቅሶ ሊመጣኝ ሲል ከሩቅ ጩኸት ሰማሁ። መብራት ጠፍቶ የሚጮህ ምን አለ? የመኪና ግርግር ሰፊዎች! በእግር ነው የሚያሽከረክሩት፤ የመብራቱ መኖርና አለመኖር አይመለከታቸውም።

“ሙክታር፣ ቀይ ጨርቅ!” አልኩት ገና ሳልደርስ።

“አቦ፣ ምን ሆነሻል? ማን ነው የሞተው?”

“ማንም አልሞተም። ቀይ ጨርቅ፣ ሰፊ! ለፊደሉ ደግሞ ቢጫ።”

ነገሩን እየነገርኩት በጠመኔ ፊደሎቹን ቢጫው ላይ ሣልኩ፣ እሱ ቆረጠ። ሲገባው መቀሱን ጥሎ መሳቅ ጀመረ። “ወላሂ፣ ሐጂያ ዘሃራን ገደልሻቸው!” ሳቁን ሰምተው ጎረቤቶቹ መጡ፣ ወሬው በመንገዱ ሙሉ ተዳረሰ፤ ግን ከሳቁ ጋር እጅም መጣ። አንዱ ዳሩን ጠለፈ፣ አንዱ ቁርጥራጭ አረንጓዴ ሰጠኝ። እኔ የሐጂያን ፎቶ ከጥቁሩ ባነር ላይ ዙሪያውን ቀደድኩት። ያ ፊት ምንም ጥፋት አልነበረበትም፤ ጥፋቱ ዙሪያው ነበር። ሙክታር ፎቶውን ከቀዩ ጨርቅ መሐል ሰፋልኝ፤ ስፌቱ ላይ እንዳየሁት ቀለሙን ዙሪያውን አዞርነው። “ሐ” ትንሽ ተንጋደደች። ላስፈታት ስል የዙሁር አዛን አለ።

ስደርስ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ግቢው ደጃፍ ላይ ነበሩ። ሙክታርና እኔ ወንበር ላይ ወጥተን ሰቀልነው። አዴ ሩቂያ አንጋጠው አዩት። ፊታቸውን ማንበብ አቃተኝ።

“‘ሐ’ ተንጋድዳለች” አሉ።

“አውቃለሁ አዴ።”

ሐጂያ ከሥሩ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ። ከድሬዳዋ የመጣች የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ቀድማ ደረሰች። ቆማ አነበበች፤ “ሐማት ሞት” ላይ ግንባሯ ተቋጠረ። ወደ ታች ስታነብ ሳቋ አመለጣት። ጎንበስ ብላ፣ “እርስዎ ነዎት አማቲቱ?” አለቻቸው።

“እኔ ነኝ” አሉ ሐጂያ። “ትናንት ሞቼ ነበር።”

ከዚያ በኋላ ማንም ያንን ስም ሳይጠይቅ አልገባም፤ የጠየቀም ሳይሰማ አልወጣም። ሐጂያ ሞታቸውን ለመጣው ሁሉ እያስፋፉ አወሩት። የድሬዳዋዋ ሴት ስትወጣ፣ “ይህን ማን ነው የሠራው?” አለች። አዴ ሩቂያ እኔን እያዩ፣ “የኔ ልጅ ናት” አሉ። ዲዛይነር አላሉኝም። የኔ ልጅ አሉኝ፤ እንባዬ መጣ። ሴትየዋ ስልክ ቁጥሬን ተቀበለችኝ።

ሰው ሲበተን አዴ ሩቂያ ከጎናቸው አስቀመጡኝ። “ካርዱንም፣ ከረጢቱንም፣ የሚሰፉልኝ ሴቶች ስም በየስፌቱ ላይ የሚለጠፍበትንም አንቺ ነሽ የምትሠሪው። አንድ ነገር ግን ስሚኝ። ከእንግዲህ በስልክ የለም። እዚህ መጥተሽ ትቀመጫለሽ። እኔ አወራለሁ፣ አንቺ ትሰሚያለሽ። ካልገባሽ አልገባኝም ትያለሽ።”

ማታ ቤት ስገባ አባቴ ከአጎቴ ጋር በስልክ ያወራ ነበር። ቀሚሴ ላይ የተሰገሰገውን ቀይ ክር አየ፣ በጠመኔ የተለቀለቀ እጄን አየ። “አይ፣ እሷስ የምትመጣ አይመስለኝም” አለው፣ “ሥራ በዝቶባታል።” መካኒክ አይደል፣ የሠራ እጅ ያውቃል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ በራሳችሁ ልትጀምሩ የቆረጣችሁ፣ ምናልባት ከእኔ ደንበኛ እንዴት እንደሚገኝ ትጠብቁ ይሆናል። ካርድ በትኑ ልላችሁ አልችልም፤ የኔ ካርድ የጠረጴዛ እግር ደግፏል። የምነግራችሁ ይህን ነው፤ ያኔ የሚያስፈራኝ ደንበኛ አላዋቂ ይለኛል የሚለው ነበር። ስለዚህ ሁሉን “ገባኝ፣ ገባኝ” እል ነበር። ቀይ ሲሉኝ ጥቁር የሠራሁት ለዚህ ነው። አዴ ሩቂያ ፊት ቆሜ “እኔ አላውቅም” ያልኩ ጊዜ ግን ከበሩ ያስመለሰኝ እሱው ቃል ሆነ። የማያውቅ ሰው እንዴት እንደሚያነብ ከማያውቅ ሰው በላይ ማን ሊነግራቸው ይችላል?

ከዚያ ወዲህ ሥራውም ደንበኛውም በዝቷል፤ የከሸፈብኝም አለ። አንዳንዱ ደንበኛ አሁንም በስልክ እየተጣደፈ፣ “ገባሽ አይደል?” ይለኛል።

“አልገባኝም” እለዋለሁ። “የት ነዎት? ልምጣ።”